እጁን ያልዘረጋው እንግዳ

ሐድርያኖስ ቄሣር በሮም በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፤ የወይኑ ለቀማ አልቆ ዝንቡ ገና ከመጥመቂያው ጉድጓድ ሳይለቅ፤ በፍርግያ ምድር ያለችው የአፓሚያ ከተማ ሰው መያዝ አቅቷት ነበር። አገረ ገዥው ለዓመቱ የፍርድ ሸንጎ ሊመጣ ነው፤ ባለ ጉዳዩ ከነጠበቃው፤ ነጋዴው ከነበቅሎው፤ ጠንቋዩም ሌባውም ቀድሞት ገብቷል። ከተራራው ሥር የሚፈልቀው ወንዝ ገበያውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በሁለቱም ዳር ድንኳን ከመተከሉ የተነሣ ውሃ ቀጂ ሴቶች የድንኳን ገመድ እየዘለሉ ነበር የሚወርዱት።

ረፋዱ ላይ የከተማው ዐዋጅ ነጋሪ ኖራ የተሸከመ ሎሌ አስከትሎ ወደ ሱፍ ነጋዴዎች መንደር ዘለቀ፤ ሰፊ ግቢ ካለው ቤት ሁሉ ደጃፍ እየቆመም በሩን ያስቀባ ጀመር። ምልክቱ የተሰሪ ምልክት ነው፤ በሩ ኖራ የተቀባበት ሰው ከአገረ ገዥው ጭፍሮች የተመራለትን ተቀብሎ ሸንጎው እስኪበተን ያበላል፤ ያሳድራል፤ እንቢ ማለት የለም።

የመልቲኔ በርም ተቀባ።

መልቲኔ የሱፍ ነጋዴ መበለት ናት፤ ዕድሜዋ ከአምሳ ዘልሏል፤ አጥንቷ የከበደ፤ ድምፅዋ የቀለለ ሴት ነበረች። ከደጃፉ ላይ እጆቿን አጣምራ ኖራው ሲንጠባጠብ ታያለች።

«ስንት ሰው ነው?»

«አንድ የመቶ አለቃ ብቻ፤ ነገ ሲመሽ ይገባል» አለ ዐዋጅ ነጋሪው። «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፤ ጎረቤትሽ አራት ፈረሰኛ ከነፈረሱ ተመርቶባታል።»

«የኔን ዕድል ተወው» አለች መልቲኔ፤ «እኔ አውቀዋለሁ።»

ወደ ውስጥ ስትመለስ ከማዕዱ ቤት የወንድ ሳል ሰማች። ሳሉ የታማሚ ሳል አልነበረም፤ ቁርሱ የዘገየበት ሰው ሳል ነበር። ቤቱ ውስጥ አንድ እንግዳ አስቀድሞ አለ፤ ግሊኮን ይባላል፤ አልወጣም ካለ ወዲህ ወይን ተለቅሞ አልቋል።

በዚያ ቤት የቆየ ሥርዓት ነበር። ያወጣችው የባሏ እናት ናና ናት፤ የክርስቶስን ስም በዚያ ሰፈር መጀመሪያ የተቀበለችም እርሷ ነበረች። በጌታ ስም ደጅ የመታ መንገደኛን የቤቲቱ እመቤት በገዛ እጇ እግሩን ታጥበዋለች፤ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአንድ ቀን ዳቦ ትሰጠዋለች፤ እርሱም እጁን ዘርግቶ ተቀብሎ ይሄዳል። ዳቦውን እስኪቀበል ድረስ እንግዳ ነው፤ እንግዳን ከቤት ማስወጣት ደግሞ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። ናና ይህን የደነገገችው ስስታም ወራሽ ራብተኛን ባዶ እጁን እንዳያባርር ፈርታ ነው፤ የጠገበ ሰው «ዳቦ አልቀበልም» ብሎ ይቀመጣል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም። ደግ ሰዎች ሕግ ሲያወጡ የሚያጠፉት ይህንኑ ነው፤ ሰውን ሁሉ እንደ ራሳቸው አፋር አድርገው ይገምታሉ።

ግሊኮን ከባሕር ዳር ከተሞች የመጣ መምህር ነው፤ ንግግር ያውቃል፤ ጢሙ ያማረ ነው። ሲመጣ ትኩሳት በእውነት ይዞት ነበር፤ መልቲኔም ሁለቱ ሌሊት ሲያልፍ «እስኪሻልዎት ይተኙ» አለችው። ይህችን አንዲት ቃል ለብዙ ጊዜ ስታላምጣት ኖረች። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቀው፤ እርሱ ግን ቤቱን አልለቀቀም። መጀመሪያ አልጋዬን ወደ ፀሐይ አስጠጉልኝ አለ፤ ቀጥሎ ወደ ማዕዱ ቤት አስጠጉልኝ አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስጠጋው ከማዕዱ ራስ፤ መልቲኔ ናና ካረፈች ጀምሮ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተገኘ።

በየጠዋቱ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ ትቀርበዋለች።

«መምህር ሆይ፤ ስንቅዎ ይኸው።»

«እኅቴ፤ ጌታ ገና ሂድ አላለኝም።»

«ዳቦው ትኩስ ነው፤ መንገዱም ደርቋል።»

«ደርቋል፤ ደርቋል። እኔ ግን ከዚያ ሕመም ወዲህ እጄን ይበርደኛል» ይልና ሁለቱን እጆቹን ከብብቱ ሥር ይሸጉጣቸዋል።

ታታ፤ ቀድሞ የቤቱ ባሪያ የነበረች፤ መልቲኔ ነጻ ካወጣቻት በኋላም ከምድጃው አልርቅም ብላ የቀረች ወጥ ሠሪ፤ ከጓዳው ሆና «ምስር ወጡ ሲቀርብ ነው እንዴ የሚሞቀው?» ትላለች፤ እንዲሰማ አድርጋ።

የሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ሲሆን ማኅበሩ በዚያ ቤት ይሰበሰባል፤ ሸማኔው፤ ቀለም ነካሪው፤ ባሪያው፤ ጧሪ የሌላቸው መበለቶችም፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን በልተው የሚያድሩት በዚያ ቀን ነበር። ኅብስቱን አንሥታ የምትባርክና የምትቆርስ መልቲኔ ነበረች፤ ከእርሷ በፊትም ናና። ማንም እንግዳ ነገር ነው አላለም፤ ግሊኮን እስኪል ድረስ። ባለፈው ስብሰባ እጇ ወደ ኅብስቱ ሲሄድ እርሱ ቀድሞ መዳፉን ጫነበት።

«ራስ ወንድ ነው» አለ፤ ድምፁን አለስልሶ። «እግር ራስ ላይ አይወጣም። እኅታችን እግር በማጠብ የተመሰገነች ናት፤ በዚያው ትመስገን።»

መልቲኔ ሰዎቹን አየቻቸው። ከወንዶቹ በዕድሜ የሚልቀው ኮርቻ ሠሪው ሶጣስ ነበር፤ ሦስት ልጆቹ በዚያ ቤት ወተት አድገዋል። እርሱም ወለሉን እያየ፤

«ለሰላም ሲባል ነው እትዬ መልቲኔ» አለ። «ለሰላም ሲባል ይለፉት።»

ለሰላም ሲባል የሚባለው ነገር ሁልጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ወገን ሥጋ ነው፤ ቢላዋውን የያዘው ግን ታግሠናል ይላል። መልቲኔ እጇን ከገበታው አነሣች።

«የቤታችንን ልማድ ልንገርዎት» አለች፤ ወደ ግሊኮን ዞራ። «ኅብስቱን የቆረሰ ለቤቱ ይመልሳል። ከሸንጎም ከጭፍራም ጠያቂ ቢመጣ ተነሥቶ እኔ ነኝ የሚለው እሱ ነው። ይህን እኔ ተሸክሜ ኖሬአለሁ።»

«እሸከማለሁ» አለ ግሊኮን፤ ኅብስቱን ለሁለት እየገመሰ። ቃሏን እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

ከዚያ ወዲህ መልቲኔ በገዛ ቤቷ መቆሚያ አጣች። በቀን አንድ ጊዜ ወደ ሱፍ ማከማቻው ትገባና በሩን ዘግታ በጥሬው ሱፍ ክምር መካከል ትቆማለች፤ እዚያ ብቻ የእርሱ ድምፅ አይደርስም። ላስወጣው ብትል ሥርዓቱ አለ፤ ሥርዓቱን ልሻር ብትል ማኅበሩ ተከፍሎባታል፤ ደፍራ ብትገፋው ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ስምና መንደር ያወቀ ቂመኛ፤ ዳኛና ወታደር በሞላበት ሰሞን ክርስቲያኖች ናቸው ብሎ ከደጇ ላይ ሊጮህ ነው። ጩኸቱን ከሰሙት መጀመሪያ የሚደርሰው የባሏ ወንድም አታሎስ ነው። ሴት በሕግ ፊት ያለ ሞግዚት አትቆምም፤ የእርሷ ሞግዚት አታሎስ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ያንን ግቢ ሲመኝ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። በጥሬ ሱፍ ሽታ ውስጥ ቆማ ግድግዳውን ትዳስሳለች፤ ግድግዳው የራሷ ነው፤ ያሠራችውም እርሷ ናት፤ መውጫ ግን የለውም።

በሩ ኖራ በተቀባ ዕለት ዳቦውን ይዛ እንደ ገና ወደ ግሊኮን ሄደች።

«ነገ የመቶ አለቃ ይገባል። ለእርስዎም ለእኛም ክፉ ነው። ዛሬ ይሂዱ፤ በቅሎ እሰጥዎታለሁ።»

ግሊኮን ፈገግ አለ። «እኅቴ፤ ተኩላ ሲመጣ እረኛ ይሸሻል?»

«እረኛ ከሆኑ በጎቹን ከሜዳ ላይ ነው የሚጠብቁት፤ ከትራስ ላይ አይደለም።»

«ቁጣ በሴት አያምርም» አለና እጆቹን ሸጎጠ።

በማግስቱ ቀኑ ሲያጋድል የመቶ አለቃው ደረሰ፤ ቪቢዮስ ይባላል፤ ወፍራም፤ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ወታደር ነበር። መልቲኔ ውሃ አሙቃ መጣችና እግሩ ሥር ተንበረከከች።

ታታ ጎትታ ያዘቻት። «የሱንም እግር ሊያጥቡ ነው እሜቴ? የጭፍራውን?»

«ደጅ መትቶ ገብቷል አይደል?»

«ኖራ ቀብቶ ነው እንጂ የገባው!»

«እግር እግር ነው። ዘይቱን አምጪ።»

ቪቢዮስ እግሩ ከሞቀው ውሃ ሲነካ ዓይኑን ጨፈነ፤ ለረጅም ጊዜም አልገለጠው። «እናቴ ከሞተች እንዲህ ያደረገልኝ የለም» አለ በመጨረሻ፤ በመናገሩም አፈረ።

ራት ቀረበ፤ የገብስ ዳቦ፤ ምስር፤ አይብ፤ ወይራ፤ በማር የተበረዘ ወይን። ግሊኮን እንደ ልማዱ ከማዕዱ ራስ ተቀምጧል። የመቶ አለቃው ከስልቻው ክንድ የማታህል የቄሣር ምስል አወጣ፤ ጠራርጎም ከዳቦው አጠገብ አቆማት።

«ይሄ የኔ ልማድ ነው፤ አትቀየሙኝ» አለ። «በሰው ቤት ስበላ የቤቱ ራስ ለቄሣር ጥቂት ወይን ያፈስሳል፤ ከዚያ እንበላለን። ደግሞም ከመታጠቢያው ቤት አንድ ወሬ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ቤት በየሳምንቱ ሰው ይሰበሰባል አሉኝ። ወይኑ ከፈሰሰ ወሬው ውሸት ነው፤ እኔም እተኛለሁ።» ከዚያም ጽዋውን ሞልቶ ወደ ግሊኮን ገፋው። «አባወራው አንተ ነህ መቼም፤ ከላይ ተቀምጠሃል።»

ግሊኮን ጽዋውን ወደ መቶ አለቃው መልሶ ገፋው። በግራ ያለችውን ምስል አየ፤ በቀኝ ያለውን በር አየ።

«እኔ?» አለ። «የለም ጌታዬ። እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም፤ መንገደኛ ነኝ። እርስዎ ሲገቡ ልሄድ ስነሣ ነበር።» ተነሣ፤ ወደ መልቲኔም ዞሮ ሁለቱን እጆቹን እስከ ክርኑ ድረስ ዘረጋ። «እኅቴ፤ ስንቄን ስጪኝ።»

ከጓዳው በር «እጁ ሞቀለት!» የሚል የታታ ድምፅ ተሰማ።

መልቲኔ የተዘረጉትን እጆች አየቻቸው፤ ነጫጭና ለስላሳ ነበሩ። አንዲት ቃል ብቻ ትበቃት ነበር። «ኅብስቱን የሚቆርሰው እሱ ነው» ብትል እውነት ነው፤ ሐሰት አልተናገረችም፤ ወታደሩም ይይዘዋል፤ ቤቷም በዚያች ሰዓት ይጸዳል። ቃሉ እስከ ጥርሷ መጣ። ንዴቷም ትንሽ አልነበረም፤ ደግ ሴት አትናደድም የሚሉ መልቲኔን አያውቋትም። ነገር ግን ሰውዬው እንግዳ ነው፤ እጁንም ዘርግቷል። ሄዳ ዳቦውን በጨርቅ ጠቀለለችና በመዳፎቹ ላይ አኖረችው።

«በሰላም ይሂዱ» አለችው።

ጫማውን ለማጥለቅ እንኳ አልቆየም፤ በባዶ እግሩ ወጣ።

ቪቢዮስ በሳቅ ትከሻው ተናወጠ። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?»

«እንግዳ አይመረጥም፤ ጌታዬ።»

«እንግዲያስ አባወራው የታል?»

«ሞቷል። የቤቱ ራስ እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ሴት ነሽ። ሞግዚት የለሽም?»

«የባሌ ወንድም አለ፤ አታሎስ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ነው።»

«አየሽ፤ ነገሩ ቀላል ነው!» አለ የመቶ አለቃው፤ እፎይ ብሎ። «ነገ ጠዋት ይጠራ፤ የቤቱ ራስ ነኝ ብሎ በስምሽ ያፍስስ። አንቺ ጓዳሽ ግቢ፤ ማንም ቃልሽን አይጠይቅሽም። የሰማሁትንም አልሰማሁም፤ እግሬን አጥበሻላ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሰጣት በር ግን ምን እንደ ሆነ መልቲኔ ወዲያው አየችው። አታሎስ በዚህ ማዕድ ፊት ቆሞ «የቤቱ ራስ እኔ ነኝ» ካለ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእውነት ራስ ነው፤ ማኅበሩ በዚህ ግቢ ዳግመኛ አይሰበሰብም፤ መበለቶቹ ደጁን ቢመቱ ውሻ ይለቀቅባቸዋል፤ ግሊኮን ስለ ራስና ስለ እግር የተናገረውም በቄሣር ፊት ይጸናል። እምቢ ካለች ደግሞ ሸንጎ ነው። ሁለት በር ነበራት፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ የሚከፈቱ። እንዴት ያለ ነገር ነው? ባለፈው ስብሰባ የማኅበሩ መምህር «ራስ አይደለሽም» ብሏት ነበር፤ አሁን የሮም ወታደር ያንኑ ቃል ይዞ፤ ያውም በርኅራኄ፤ ሊያድናት ይለምናታል።

«ጌታዬ» አለች፤ «አታሎስ በዚህ ማዕድ በልቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ላልበላበት ማዕድ እንዴት ይመልሳል? ምድጃው የኔ ነው፤ ወይኑም የኔ ነው፤ የሚገባውን ሰው እግር የማጥበው እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። ወይኑን ግን አላፈስስም።»

ቪቢዮስ ጽዋውን አስቀመጠ። «ሴትዮ፤ ምን እያልሽ እንደ ሆነ ገብቶሻል? እኔ እኮ አልጠየቅሁሽም ነበር!»

«አሁን ይጠይቁኝ።»

ታታ ከበሩ ላይ መጎናጸፊያዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቆማለች።

«ክርስቲያን ነሽ?»

«ነኝ።»

የመቶ አለቃው ምስሏን አንሥቶ ወደ ስልቻው መለሳት።

«አሁን ይብሉ» አለች መልቲኔ። «ምስሩ እየቀዘቀዘ ነው፤ ከመንገድ ነው የመጡት።»

በላ፤ አንገቱን ደፍቶ፤ ቀና ብሎ ሳያያት።

ከሁለት ቀን በኋላ የመቶ አለቃው ባቀረባት ጊዜ በሸንጎው አደባባይ አገረ ገዥው መጀመሪያ የጠየቀው ሞግዚቷን ነበር። አታሎስ እየሮጠ መጣና «ክቡር ሆይ፤ መበለትነት አእምሮዋን ነክቶታል፤ የቤቱ ኃላፊነት በኔ ላይ ይሁን» አለ። መልቲኔ አእምሮዋ ደኅና እንደ ሆነ፤ ክርስቲያን እንደ ሆነች፤ ቤቱም ማዕዱም የእርሷ እንደ ሆነ ደግማ ተናገረች፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቋትም ያንኑ አለች። አገረ ገዥው ጸሐፊዎቹን አማከረ፤ ሴት በገዛ ቃሏ ልትቆም ስትፈልግ ማየት አሰልቺ ነገር ሆኖበት ነበር። ከዚያም የሸንጎው ዐዋጅ ነጋሪ በአደባባዩ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «የሱፍ ቤት እመቤት፤ የአርቴማስ ልጅ መልቲኔ!» ብሎ ጠራት፤ ድንጋይ ልትፈልጥ ወደ ዶኪሜዮን የእብነ በረድ ጉድጓድ እንድትወርድም ተፈረደባት። ማንን ታውቂያለሽ ሲሏት የሞተውን ባሏንና የሞተችውን ናናን ጠራች፤ ሌላ ስም ከአፏ አልወጣም። ከድንጋዩ ጉድጓድ ከዚያ በኋላ ወሬ አልመጣም።

ቤቱን አታሎስ ወሰደው፤ የማዕዱን ክፍል የበቅሎ ጋጣ አደረገው። ማኅበሩ ተበተነ ሲባል በሚቀጥለው የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ከቀለም ነካሪዎች ጎዳና በስተ ኋላ፤ ታታ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቆ ተገኘ። ኅብስቱ ተቀምጦ ማንም አልነካውም። ሶጣስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ማን ይቁረስ?»

«መልስ የሚሰጥ» አለች ታታ። «ትሰጣለህ?»

ሶጣስ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ኅብስቱን ወደ እርሷ ገፋው። ታታም እጇን ታጥባ ኅብስቱን አነሣች፤ እስክትሞት ድረስም እርሷ ቆረሰች።

ዘመን አለፈና ስደቱ ጸጥ አለ፤ ያን ጊዜ ግሊኮን ተመለሰ። ጢሙ ነጭ ሆኖ ይበልጥ አምሮበት ነበር፤ በአፓሚያ ስደት ጊዜ በባዶ እግሩ እንደ ተሰደደ ለወጣቶቹ ይነግራቸዋል፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ታታ ሞታለች፤ ሶጣስ አርጅቶ መስማት ተስኖታል፤ የሚያውቅ ብዙ የለም፤ የሚያውቁትም ለሰላም ሲሉ ዝም አሉ። ወንበር ተሰጠው፤ ስብከቱም ተወደደለት፤ በዚያች ማኅበር የአባቶች ስም ሲቆጠር ቆጠራው ከእርሱ የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

ስለ መልቲኔ ከስብከቶቹ መካከል አንዲት ቃል ቀርታለች፤ በወጣትነቱ ታሞ ሳለ «አንዲት መበለት» እንዳስታመመችው ይናገር ነበር። አንዲት መበለት። ሮም እንኳ፤ ያቺ ሴትን ያለ ሞግዚት የማትሰማ ሮም፤ ስትፈርድባት በስሟ ጠርታታለች።